ሂቢስከሳችን ለምን አላበበም?



ይህ ዓምዳችን ከዚህ ቀደም ስለ ጓሮ አትክልት ሲያወያያችሁ ቆይቷል። በዚህ ወር ደግሞ ከጓሮው ወጥተን በግቢያችን በር አጠገብ ወይም በአጥራችን ጥግ ስለሚቆም አንድ የአበባ ቁጥቋጦ እንነጋገራለን። ይህ ተክል በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በሐረርና በድሬዳዋ ግቢዎች ውስጥ እናገኘዋለን። ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል፤ አበባው የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ከአበባው መካከልም ረጅም ምላስ የመሰለ ዘንግ ይወጣል። ብዙዎቻችን «ያ ትልቁ ቀይ አበባ» ብለን እናልፈዋለን። ስሙ ሂቢስከስ ነው።

ከአንባብያንና ከጎረቤቶቻችን የሚቀርብልን ጥያቄ ግን ስለ ስሙ አይደለም። «ቅጠሉ ለምልሟል፣ ቁመቱ ከአጥር አልፏል፣ አበባ ግን የለውም። ምን እናድርገው?» የሚል ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ዓመት ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ይጥለዋል። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ከመንቀላችሁ በፊት እንድታነቡት የቀረበ ነው። ነገሩን ገና ከመነሻው ለመናገር ያህል፣ ያላበበ ሂቢስከስ አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር የበዛበት ተክል ነው። ውሃው በዝቶበታል፣ ማዳበሪያው በዝቶበታል፣ መቀስ ግን ነክቶት አያውቅም።

ተክሉን እንወቀው

በዓለም ላይ ከ200 በላይ የሚሆኑ ዝርያዎች ሂቢስከስ በሚለው ስም ይጠራሉ። በግቢያችን የምንተክለውን ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «የቻይና ጽጌረዳ» የሚል ትርጉም ባለው የላቲን ስም መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። የሥጋ ዘመዶቹ ጥጥና ባሚያ ናቸው። የባሚያን አበባ አስተውሎ ያየ ሰው የቤተሰቡን መልክ ወዲያው ይለየዋል። ሱዳናውያን በረመዳን ማፍጠሪያቸው ላይ አቀዝቅዘው የሚጠጡት፣ እኛም በሻይ መልክ የምናውቀው ከርከዴም የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነታቸው ከርከዴ በየዓመቱ እየተዘራ የሚታጨድ መሆኑና የሚፈላውም የአበባው ውብ ክፍል ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ የሚቀረው ቀይ ቆብ መሆኑ ነው። የግቢያችን ሂቢስከስ ግን ለብዙ ዓመታት የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። ከርከዴ ያማረው ሰው ከገበያ ይግዛ፤ ይህኛውን ለዓይናችን እንተወው።

ማሌዥያ ይህን አበባ እ.ኤ.አ. በ1960 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋ መርጣዋለች። አምስቱ የአበባው ቅጠሎችም የአገሪቱን አምስት መሠረታዊ መርሆች እንደሚወክሉ ይነገራል።

ስለ ተክሉ ጠባይ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይኖርብናል። የመጀመሪያው የአበባው ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው። ጠዋት የፈነዳው አበባ በአብዛኛው በማግሥቱ ተጠቅልሎ ይረግፋል፤ ሁለት ቀን የሚቆዩ ዓይነቶችም አሉ። ስለዚህ የረገፉ አበቦችን መሬት ላይ ያየ ሰው «ተክሌ ታመመ» ብሎ አይደንግጥ። ሁለተኛውና ዋነኛው ቁም ነገር ደግሞ ሂቢስከስ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ መሆኑ ነው። ያረጀና የደነደነ ቅርንጫፍ ቅጠል ይሸከማል እንጂ እምቡጥ አይቋጥርም። በግቢያችን የምናየው የአበባ ብዛት በተክሉ ላይ ካሉት ለጋ ጫፎች ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ይህን አንድ ነገር ለማገዝ ነው፤ ይኸውም ተክሉ ያለማቋረጥ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ነው።

ቦታና አፈር

ሂቢስከስ ፀሐይ ወዳድ ነው። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ማግኘት አለበት። በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በሁለት ግድግዳ መካከል የተተከለ ሂቢስከስ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ቁመት እንጂ አበባ አይኖረውም። «ለምን አላበበም?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ስለሆነ፣ መቀስና ማዳበሪያ ከማንሳታችን በፊት ፀሐይዋ በቀን ስንት ሰዓት እንደምታገኘው ቆመን እንቁጠር። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ግን የቀትር በኋላው ፀሐይ ስለሚያቃጥል ጥቂት የከሰዓት ጥላ ቢያገኝ ይጠቅመዋል።

ብርድ ጠላቱ ነው። የሙቀቱ መጠን ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይገታል፤ ውርጭ ከመታው ደግሞ ጫፉ ይጠቁራል። በአዲስ አበባና በመሰል ደጋማ ከተሞች የሚኖሩ ቤተሰቦች ከነፋስ በተከለለና ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን በሚያካፍልበት ቦታ ቢተክሉት የተሻለ ነው።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በዋልካ አፈር ላይ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ውሃ ይቋጥርና የተክሉ ሥር ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ አፈር ያለው ሰው አፈሩን ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር አዋሕዶ፣ ከመሬቱም ከፍ አድርጎ መደብ ሠርቶ ይትከል። ጉድጓዱ ችግኙ ከመጣበት ከረጢት ስፋት እጥፍ ያህል ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከከረጢቱ ቁመት አይለፍ። ግንዱን ከነበረበት በላይ በአፈር መቅበር ያበሰብሰዋል። ለአጥር የሚተከል ከሆነ በችግኞቹ መካከል አንድ ሜትር ያህል ርቀት ይበቃል። ፍየል ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ማጠር ግዴታ ነው። ፍየል የሂቢስከስን ቅጠል ካገኘች ግንዱን ብቻ አስቀርታ ነው የምትሄደው!

ውሃ በልክ

የሂቢስከስ ቅጠል ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን የሚቀናን ውሃ መጨመር ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ተቃራኒው ነው። ዘወትር በጭቃ ውስጥ የቆመ ሥር አየር ስለሚያጣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ እምቡጡም ሳይፈነዳ ይረግፋል። በሌላ በኩል ለሳምንት ተረስቶ ድንገት በባልዲ የሚጠጣ ተክልም እምቡጡን ይጥላል። ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ጣታችንን ወደ አፈሩ ብንሰድድና ከላይ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህሉ ከደረቀ፣ እስከ ሥሩ እንዲወርድ አድርገን እናጠጣው፤ ካልደረቀ እንተወው። በበጋ መሬት ላይ ለተተከለው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። በማሰሮ ወይም በጣሳ ያለው ግን በሙቀት ወራት በየቀኑ ሊጠማ ይችላል። በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ እርጥበቱን ያቆያል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን መንካት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለሰው ያልበቃ ውሃ ለአበባ ይጠጣል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በየቤታችን በቀን አምስት ጊዜ ወደ ፍሳሽ የምንሸኘው ውሃ ነው። የውዱእ ውሃ ሳሙና የለበትም፣ ቅባት የለበትም። ጣሂር በመሆኑም ለተክል ማዋሉ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የኢስቲንጃውን ውሃ ለይተን፣ ውዱኡን በሳፋ ላይ ብናደርግ በቂ ነው።

እስቲ እንቁጠረው። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን ሦስት ጊዜ ቤት ውስጥ ውዱእ ቢያደርግና በአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ቢጠቀም በቀን 15 ሊትር ይጠራቀማል። ይህ በበጋ ሁለት ወይም ሦስት ቁጥቋጦ ሂቢስከስ ያኖራል። «አንድ ሊትር እንዴት ይበቃል?» የሚል ቢኖር፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲሥ መተላለፉን እናስታውሰው። ሙድ ማለት የሁለት እጅ እፍኝ ያህል ሲሆን ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ቧንቧ ከፍቶ ከማፍሰስ ይልቅ በማንቆርቆሪያ መጠቀም ሱናውንም ያስታውሰናል፤ ውሃውንም ይቆጥብልናል። በረኪና ወይም የልብስ ዱቄት ሳሙና የገባበትን ውሃ ግን ወደ አበባው አናስጠጋ።

ምግቡ

ከእርሻ የተረፈች ዩሪያ ቤት ውስጥ ከተገኘች ወደ አበባው ሥር መጣሏ የተለመደ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቅጠል ያበቅላል። ናይትሮጅን የበዛበት ሂቢስከስ እንደ ጎመን ይለመልምና አበባ ይነሣናል። ለዚህ ተክል ይበልጥ የሚስማማው የተብላላ ፍግ ወይም ብስባሽ ነው። በየሁለትና ሦስት ወሩ አንድ ሁለት እፍኝ ከግንዱ ራቅ አድርጎ በዙሪያው መበተንና በአፈር መሸፈን ይበቃል። ያልተብላላ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ከገበያ ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው ፖታሲየሙ ከፍ ያለውን፣ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለውን ይምረጥ። ሂቢስከስ ፎስፈረስ ሲበዛበት ብረትንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ከአፈሩ መውሰድ ይከብደዋል። የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ብቻ ቢጫ ሲሆን ካያችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። የምድጃ አመድም ቢሆን በጥቂቱ እንጂ በብዛት አይጨመርም። አመድ የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጥ ይህንኑ እጥረት ያስከትላል። ማዳበሪያ የሚደረገው አፈሩ እርጥብ ሲሆን ነው። በብርድ ወራት ተክሉ ስለሚያርፍ ምንም አንጨምርለት።

መቀሱን አንፍራ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት እናት በግቢያቸው ከቤቱ ክዳን ጋር የተካከለ ሂቢስከስ አላቸው። የተከሉት በሕይወት የሌሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ተክሉ ከታች ራቁቱን የቀረ ግንድ ሆኖ፣ ከላይ ጣሪያው ላይ ብቻ ሦስት አራት አበባ ያወጣል። ልጆቻቸው «ይነቀልና ሌላ ይተከል» አሉ። እሳቸው ደግሞ እንኳን መነቀሉን ጫፉን መነካቱንም አልፈቀዱም። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጎራ ስል ነገሩ ተነሳ።

«ኡስታዝ፣» አሉኝ፣ «እሳቸው በእጃቸው የተከሉትን እኔ በመቀስ ልቆራርጠው? እንዴት ሆኖ!»

«ሀጂያ፣ እሳቸው ራሳቸውስ ይከረክሙት አልነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት አሰቡ። «በየዓመቱ ነዋ! በልግ ሊገባ ሲል መቀሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኔ ነበርኩ የምጮህባቸው፣ አበላሹት እያልኩ።»

«ያኔስ ያብብ ነበር?»

ፈገግ አሉ። «በሩ በቀይ ይሞላ ነበር እንጂ!» ካሉ በኋላ ለአፍታ ዝም ብለው ተክሉን ሲያዩት ቆዩ። ከዚያም፣ «እንግዲያማ መቀሱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አምጣውና የሚያደርጉትን እናድርግ» አሉ።

በመጋቢት ወር መጀመሪያ ከቅርንጫፎቹ ሲሶ ያህሉን አሳጠርን። በሰኔ መግቢያ ላይ ያቺ እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ አበባውን በመስኮታቸው ያዩት ጀመር። ተክሉ ሲጠብቅ የኖረው መቀሱን ነበር።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦

1. ጊዜው። በደጋ ከተሞች ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሁን። በብርድ ወራት የተቆረጠ ተክል የሚያወጣው ለጋ ቀንበጥ በውርጭ ይመታል። በቆላ ከተሞች የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይመረጣል።

2. መጠኑ። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ። በጣም ላረጀ ተክል በዚህ ዓመት ሲሶውን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን ሲሶ እያሉ በሦስት ዓመት ማደስ ይቻላል።

3. ቦታው። መቀሱ የሚያርፈው ወደ ውጭ ከሚያይ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አዲሱ ቀንበጥ ከዚያ አንጓ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የተክሉ መካከል አየርና ብርሃን ያገኛል።

4. መሣሪያው። መቀሱ የተሳለ ይሁን፤ በአልኮል ይጠረግ። ደንዝዞ የሚጨፈልቅ መቀስ ለበሽታ በር ይከፍታል።

5. ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ያደገውን እናውጣ። ለማሳመር የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ድረስ አበባ ላይኖር ይችላል። ይህ ጊዜ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ብዙ ሰው «አጠፋሁት» ብሎ የሚጸጸተው በዚህ መካከል ነው። ቀንበጦቹ አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ሲደርሱ ጥቂት ብስባሽ ይጨመርላቸው፤ ውሃውም ሥርዓቱን ይጠብቅ።

ከአንድ ግንድ አሥር

የተቆረጠውን ቅርንጫፍ አንጣለው። ከዘር የሚበቅል ሂቢስከስ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቁራጭ የሚበቅለው ግን ቁርጥ እናቱን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው።

በመጀመሪያ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ለጋም ደረቅም ያልሆነ ቅርንጫፍ መርጠን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አድርገን እንቁረጥ። የታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር ይሁን። የታች ቅጠሎቹን አንስተን ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ እናስቀር፤ ትልልቅ ከሆኑ ግማሻቸውን እንቁረጣቸው። ከዚያም ሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም በችግኝ ከረጢት ውስጥ አሸዋና ብስባሽ እኩል አዋሕደን፣ ሁለት አንጓ እስኪቀበር ድረስ እንትከለው። ጥላ ሥር አስቀምጠን አፈሩን እርጥብ እናድርግ። ታቹ የተቆረጠ ባዶ ሃይላንድ ቢደፋበት እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ሻጋታ እንዳይወጣበት ግን በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ እንክፈተው። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ «ይዞ ይሆን?» እያሉ ጎትቶ ማየት ለጋ ሥሩን መበጠስ ነው። ሁሉም ስለማይጸድቅ ሦስት ለሚፈልግ ሰው ስድስት መትከል ይበጀዋል። የጸደቀውንም ወደ ሙሉ ፀሐይ ቀስ በቀስ፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት እናውጣው።

ይህን ማወቅ ለዛሬ ቤተሰብ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም አለው። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ብዙ ነባር ሰፈሮች ለልማት ተነሥተዋል፤ በርካታ ቤተሰቦችም ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ቤት ሲነሣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ በመኪና ይጫናል። አባት የተከለው፣ ልጆች በጥላው ሥር ቁርኣን የቀሩበት ዛፍ ግን አይጫንም። የሃያ ዓመት ሂቢስከስን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስድስት ቁራጭ ግን በአንድ ፌስታል ይገባል። እንግዲህ የመልቀቂያው ቀን የታወቀ ቤተሰብ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ቁራጮቹን በጣሳ ተክሎ ይቆይ። ያቺ አዛውንት እናትም ከዚያው ግንድ ለልጆቻቸው አንዳንድ ጣሳ አዳርሰዋል።

በረንዳ ላይ ለማሳደግ አፉ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ያስፈልጋል። በአገራችን የበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ይመረጣል። በማሰሮ ያለው ሂቢስከስ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ አፈሩ ሊለወጥለት ይገባል።

ተባዮቹ

የለጋው ቀንበጥ ዋነኛ ጠላት ክሽክሽ ነው። ከቅጠሉ ሥር ተከማችቶ ጭማቂውን ይመጣል፤ የሚጥለው ጣፋጭ ፈሳሽም ቅጠሉን ያጣብቀዋል፣ በላዩም ጥቁር ጥላሸት መሰል ሻጋታ ይበቅላል። በግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካያችሁ ከላይ ክሽክሽ እንዳለ ጠርጥሩ። ጉንዳን ያን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። ነጭ ዝንብና ጥጥ መስለው በአንጓው ላይ የሚለጠፉ ነፍሳትም ይኖራሉ።

ወደ መርዝ ከመሮጣችን በፊት በጠንካራ የውሃ ግፊት የቅጠሉን ሥር እንጠበው። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንርጨው። አስቀድመን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረን ሳይጎዳው መቅረቱን ማረጋገጥ ደግ ነው። ጥጥ መሳዮቹን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ጠንካራ ፀረ ተባይ መርጨት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ንቦችም ይጎዱበታል።

ለተማሪዎቻችን

በትምህርት ቤት የአበባ ክፍሎችን ለምትማሩ ልጆች ከሂቢስከስ የተሻለ አስረጂ አይገኝም። የረገፈውን አንዱን አንሱና በጥንቃቄ ክፈቱት። አምስት ቅጠሎችን ታገኛላችሁ። ከመካከሉ በሚወጣው ዘንግ ዙሪያ የአበባ ብናኝ የያዙ በርካታ የወንዴ ክፍሎች አሉ። በዘንጉ ጫፍ የሚታዩት አምስት ትንንሽ ነጥቦች ደግሞ የሴቴው ክፍል ጫፎች ናቸው። ወደ ታች ብትወርዱ ዘር የሚቋጠርበትን ታገኛላችሁ። የማስተምራቸውን ልጆች አንድ ደብተር አስይዤ፣ እምቡጡ የታየበትን ቀን፣ የፈነዳበትንና የረገፈበትን እንዲጽፉ አደርጋቸዋለሁ። አንድ አበባ ለአንድ ቀን ውበት ስንት ቀን እንደሚዘጋጅ በራሳቸው ቁጥር ሲደርሱበት ከእኔ ንግግር ይልቅ ይገባቸዋል። ሱብሓነላህ የሚለውንም ቃል ከልባቸው ይሉታል።

የዓመቱ ሥራ በአጭሩ (ለደጋና ወይና ደጋ ከተሞች)

መስከረምና ጥቅምት፦ መሬቱ ሲጠነክር አፈሩን ቀለል አድርጎ መኮትኮት፤ ብስባሽ መጨመር።
ከኅዳር እስከ ጥር፦ ውሃ መቀነስ፤ ማዳበሪያም መቀስም ማቆም፤ በማሰሮ ያለውን ሌሊት ወደ ግድግዳ ማስጠጋት።
የካቲትና መጋቢት፦ መቁረጥ፤ ከተቆረጠው ቁራጭ መትከል።
ሚያዝያና ግንቦት፦ ሳያዛንፉ ማጠጣት፤ ክሽክሽ መከታተል።
ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ አዲስ ችግኝ መትከል፤ ማጠጣት ማቆምና ውሃ እንዳይተኛበት ቦይ ማውጣት።

ውድ አንባብያን፣ ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲመገብ ለተካዩ ሶደቃ ሆኖ እንደሚመዘገብለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ሂቢስከስ ለገበታችን የምንለቅመው ፍሬ ባይሰጠንም፣ ጠዋት ጠዋት ንቦችና ቀጭን መንቆር ያላቸው አበባ ቀሳሚ ወፎች ከእርሱ ይመገባሉ። እንግዲህ በዚህ ዓመት መቀሱን ስታነሱ ከቁራጮቹ አንዱን ለራሳችሁ፣ አንዱን ለጎረቤታችሁ ትከሉ። ጎረቤታችሁ ነገ ሰፈር ቢቀይር እንኳ በደጃፉ የሚያብበው ከእናንተ ግንድ የተወሰደ ይሆናል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ወቢላሂ ተውፊቅ።